እናቴን ቁልቁለት ያወረደ ፍሬን

እናቴ ሞተሬን «ያቺ ልጓም የሌላት» እያለች ነበር የምትጠራት። እውነቷን ነው። ከዓረብ አገር ስመለስ የገዛኋት ይቺ ትንሽ ሞተር ዳገት ላይ አታሳፍርም፤ ሳሙናና ስኳር ጭኜ ከመካነ ሰላም ወጣ ወጣ ያሉትን ገበያዎች ታዳርሰኛለች። ቁልቁለት ላይ ግን ቁሚ ስትባል አትሰማም። የፊቱም የኋላውም ፍሬኗ ታምቡር ነበር፤ ቸርኬው መሀል ባለው ድፍን ብረት ውስጥ ሁለት ሸራ ተለጥጦ የሚይዘው ዓይነት። ለሜዳ ይበቃል። እኛ አገር ደግሞ ሜዳው ትንሽ ነው፤ ጥቂት ከሄዱ መሬቱ ወደ ዓባይ በኩል ቁልቁል ይሄዳል። እኔማ ለምጃታለሁ፣ በማርሽ እየያዝኩ በእግሬ እየደገፍኩ እወርድ ነበር። የሚያልቀው ጫማዬ ነው።

ነገሩ የመጣው በአጎቴ ነው። እናቴ ያላት ወንድም አንድ ብቻ ነው፤ ታናሿ፣ እሷው አዝላ ያሳደገቻቸው። ወደ ወግዲ ከሚወስደው መንገድ ተገንጥሎ ቁልቁል በሚወርድ ቀበሌ ይኖሩ ነበር። በገበያ ቀን ሲወጡ እኛ ቤት ሳይደርሱ አይመለሱም። ግማሽ ጎናቸውን ከያዛቸው በኋላ ግን ከደጃቸው መራቅ ቀረ። መኪና እዚያ አይወርድም፤ የእናቴም ጉልበት የእግር መንገድ እምቢ ካለ ቆይቷል። እህትና ወንድም እንዲህ ተቀራርበው እየኖሩ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ከረሙ።

በስልክ ያወራሉ። እሳቸው ምላሳቸው ስለተያዘ ከሚሉት ግማሹ አይሰማም፤ እናቴ ግን «እህ፣ እህ፣ አሚን» እያለች ሁሉም እንደገባት ሆና ትመልሳለች። ስልኩ ሲዘጋ ወደ እኔ ዞራ፣ «ምን አለ?» ትለኛለች። እኔ ምን ብዬ ልንገራት! «ደህና ነኝ አሉ» እላታለሁ።

አንድ ቀን፣ «ተነሺ፣ እኔ አደርስሻለሁ» አልኳት። የእኔ ነገር እንዲህ ነው፣ አፌ ይቀድመኛል። ቢስሚላህ ብላ ከኋላዬ በጎን ተቀመጠች። ገና ከከተማ ወጥተን የመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ የፍሬኑን እጀታ ብጨብጠው፣ ብጨብጠው፣ ከመሪው ጋር ተጣበቀ እንጂ ሞተሯ እቴ! ጭራሽ ባሰባት። እናቴ «ያ ረቢ!» ብላ ዘላ ወረደች። እኔና ሞተሯ የመንገዱ ቦይ ውስጥ ገብተን ቆምን።

ሮጬ ስደርስ ክርኗ ተልጦ አቧራዋን እያራገፈች ነው። «ልጄ፣ ወንድሜን ማየት ፈልጌ ነበር እንጂ እሱ ለእኔ ለቅሶ እንዲመጣ አልፈለግሁም» አለችኝ። በእግራችን ተመለስን። ቤት ስንገባ ግን ቀልዷ አለቀ። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛችና፣ «እንግዲህ የምታደርሱኝ ሲሞት ነው» አለች። «ያን ጊዜ ሰው ተሸክሞም ቢሆን ያደርሰኛል።»

ይቺ ቃል አጥንቴ ውስጥ ገባች። ውሸቷን አይደለም እኮ። አገራችን ለለቅሶ ሲሆን ሰፈር ሙሉ አይሱዙ ተከራይቶ ይሄዳል፤ ሰው በሕይወት እያለ ለመጠየቅ ግን መንገዱ ሁልጊዜ ሩቅ ነው። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

በማግስቱ ሞተሯን እየገፋሁ መካኒኩ ዘንድ ሄድኩ። ይህ ሰው እጁ የተፍታታ ነው፣ አፉ ግን ይብሳል። «ሸራ ቀይርልኝ» አልኩት።

«ሸራ ብቀይርልሽ ነገ ተነገ ወዲያ ትመጫለሽ፣ ትሰድቢኛለሽ። አንቺ የሚያስፈልግሽ ዲስክ ነው።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ከቸርኬው ጋር አብሮ የሚዞር ስስ ብረት ነው። ፓድ የሚባሉ ሁለት ቁራጮች ከግራና ከቀኝ ይይዙታል። የሚገፋቸው የፍሬን ዘይት ነው፣ ካቦ የለ፣ መለጠጥ የለ። እንዲህ በሁለት ጣት ጆሮ እንደመቆንጠጥ» ብሎ እጁን ወደ ጆሮዬ ሲልክ ቀለብ አድርጌ መታሁት። «ኧረ አቦ፣ ዲስክስ አንቺ ነሽ» ብሎ ሳቀ።

ለሞተሯ የሚሆን የፊት እግር ከነቸርኬው፣ ከነዲስኩ ከደሴ በአውቶቡስ መጣ። ኋላዋ ተጨፍልቆ ፊቷ ከተረፈ ተመሳሳይ ሞተር የተፈታ ነው። «የሞተ ሰው ሞተር እንዳይሆን!» ብዬ ስጮህበት፣ «ባለቤቱ አለ፣ ባጃጅ ገዝቶ ደሴን እያመሰ ነው» አለኝ። ወላሂ፣ ለማላውቀው ለዚያ ሰውዬ እስከ ዛሬ ዱዓ አደርጋለሁ።

ሲገጥመው እኔንም ሥራ አስገባኝ። አዲስ ዘይት ሲሞላ ቀጭኑ ቱቦ ውስጥ አየር ይቀራል፤ አየር ካለ ደግሞ እጀታው ይልፈሰፈሳል። እኔ እጀታውን እጨብጣለሁ፣ እሱ ከታች ያለችውን ትንሽ ብሎን ላላ ያደርጋታል፣ አረፋ ያለው ዘይት ጠብ ጠብ ይላል። «ጨብጪ! ያዢ! ልቀቂ!» «እጄ ዛለ እኮ!» «እናትሽን ነው የምትጭኚው፣ ጨብጪ!» አረፋው ጠፍቶ እጀታው ድንጋይ እስኪሆን ድረስ አልለቀቀኝም። የዚያን ቀን ስንት ጊዜ እንደሰደብኩት አላህ ነው የሚያውቀው። አሁን ሳስበው ያ ሰው እንደዚያ ባይጨቃጨቀኝ ኖሮ ምን ይውጠን ነበር እላለሁ።

እናቴ ግን «ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ» ሆነች። ከመስጊዱ በታች ያለው ቁልቁለት ላይ ወርዳ መንገዱ መሀል ከነምርኩዟ ተገተረች። «ከላይ ነይና እፊቴ ቁሚ። ካቆምሽ አምንሻለሁ።»

«እማ፣ ባልቆምስ?»

«ያን ጊዜ ሁለታችንም አወቅን!»

ሰው ሁሉ ሱቁን ትቶ ወጣ። ከላይ ወረድኩ፤ ሁለት ጣቴን ብቻ ነካ ሳደርግ ሞተሯ አፍንጫዋን ደፋ አድርጋ ቀጥ አለች። እናቴ ምርኩዟን ዘርግታ የቀረውን ርቀት ለካችና፣ «ቅዳሜ በጧት እንሄዳለን» አለች። የሰፈሩ ሰው አጨበጨበ። ደስታዬን የት ላድርገው!

ዓርብ ማታ ከገበያ ስገባ አዲሱ ፍሬን ሲጢጥ፣ ሲጢጥ ይል ነበር። አቧራ ነው፣ አዲስ ፓድም እስኪለምድ ይጮኻል ብሎኛል መካኒኩ። ምንም አልመሰለኝም።

ቅዳሜ ከሱብሂ ሰላት በኋላ ተነሳን። እናቴ ያቺን የዒድ ሻሿን አስራ፣ ለወንድሟ ቴምርና ስኳር ቋጥራ ከኋላዬ ተቀመጠች። ከተማውን ቀስ ብዬ አለፍኩ። ቁልቁለቱ አፍ ላይ ስደርስ ፍሬኑን ነካ አደረግሁ። ምንም! ጨበጥኩት፤ እጀታው ድንጋይ ነው፣ ሞተሯ ግን ትንሸራተታለች። የኋላውን በእግሬ ረገጥኩ፣ ማርሽ ቀነስኩ፣ አሁንም ቀነስኩ፣ ወደ ዳገቱ ጥግ አስጠጋኋት። እንደ ምንም ቆመች። ሁለታችንም ወረድን።

ከዚያ ደሜ ፈላ። ስልኬን አውጥቼ ለመካኒኩ ደወልኩለትና ያለኝን ስድብ ሁሉ አወረድኩበት። እስክጨርስ ጠብቆ፣ «ዲስኩን በጣትሽ ንኪው» አለኝ። ነካሁት። ያሟልጫል። አሸተትኩት። ቅቤ ነው! ያውም ለጋ ቅቤ!

ዞሬ እናቴን አየኋት። ሻሿን እያስተካከለች ማዶ ያለውን ተራራ ታያለች።

«እማ፣ ይህን ቅቤ ማን ቀባው?»

«እኔ ነኝ» አለች ኮራ ብላ። «ማታ ሲያለቅስ ሰማሁት። ብረት ሲደርቅ ነው የሚጮኸው። የበርሽ ማጠፊያ ሲጮህ ማን ነው የሚቀባልሽ? ለራሴ አናት እንኳ የሰሰትሁትን ቅቤ ነው እኮ!»

ስልኩ ክፍት ነበር። መካኒኩ ሳቁ አላስተነፍስ አለው። «እማማ! ፍሬን ቅቤ አይቀባም! ደረቅ ሲሆን ነው የሚይዘው!» እያለ ይጮኻል። እኔ አልሳቅሁም። ልቆጣ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ጥፋቷ ያኔ ገና ገባትና ፊቷ ተለወጠ። «ልጄን ልገድላት ነበር!» አለች። «አውፍ በይኝ። ያ ረቢ፣ ወንድሜ ዘንድ አድርሰኝ እያልኩ እኮ ነው የቀባሁት።» ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም። ያን ስስ ብረት በጨለማ እየዳበሰች፣ ዱዓ እያደረገች ስትቀባው ታየኝ። አቅፌያት አለቀስኩ፤ ከዚያ ሁለታችንም ሳቅ ያዘን።

«ስሚ፣ አብሽሪ» አለኝ መካኒኩ ሳቁ ሲወጣለት። «ሁለቱን ብሎን ፍቺ፣ ፓዶቹን አውጪና ሻካራ ድንጋይ ላይ ፈቅፍቂያቸው። ዲስኩን በቤንዚን እጠቢ። ስትመለሺ በአዲስ እቀይርልሻለሁ፣ ለዛሬ ግን ያደርስሻል።» ቁልፉን ከኮርቻው ሥር አውጥቼ ፈታሁ። ፓዶቹን እናቴ ከእጄ ነጠቀችኝ። «ድንጋይ ላይ መፈቅፈቅማ የእኔ ሥራ ነው» ብላ መንገድ ዳር ቁጭ አለችና ቅቤውን ከነቀለሙ አነሳችው። እኔ ከታንከሩ ቤንዚን ጠብ እያደረግሁ ዲስኩን አጠብኩ፣ ደጋግሜ አጠብኩ።

ገጥሜ ብቻዬን ሜዳው ላይ ሞከርኩት። ያዘ። እንደ መጀመሪያው አይደለም፣ ግን ያዘ። ቁልቁለቱንም ለብቻዬ ወርጄ፣ አቁሜ፣ ወጥቼ መጣሁ።

«እማ፣ እንመለስ ወይስ...?» አልኳት። እውነቱን ለመናገር የፈራሁት እኔ ነኝ።

«ብመለስ ሌላ ጊዜ የት ይገኛል?» አለች። «ንጂ።» ወገቤን ግጥም አድርጋ ያዘች። እየያዝኩ፣ እየለቀቅሁ፣ በቀስታ ወረድን። ከዳር እስከ ዳር ቁርዓን ስትቀራ ይሰማኛል።

አጎቴ ጧት ፀሐይ ላይ ተደግፈው ተቀምጠው ነበር። ሲያይዋት በልጅነታቸው የሚጠሯትን ስም ጠሩ፤ እኔ ያን ስም ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። በስልክ የማይገባው ንግግራቸው ፊት ለፊት ሲሆን ለእናቴ ሁሉም ይገባታል። እሳቸው ግማሽ ቃል ሲሉ እሷ ግማሹን ትጨርሳለች። «በምን መጣሽ?» አሏት፤ የቅቤውን ጉድ ስትነግራቸው ደህና በሆነው ጉንጫቸው ሳቁ። የደነዘዘውን እጃቸውን ጭኗ ላይ አድርጋ እያሸችው ዋለች። ቴምሩንም ፍሬውን እያወጣች በእጇ አጎረሰቻቸው።

ክረምት ሲገባ መንገዱ ተቆረጠ። ወንዙ ሞልቶ፣ ቁልቁለቱ ጭቃ ሆኖ ሞተርም እግርም አያወርድ። አጎቴ ያረፉት በዚያ ሰሞን ነው። ስልክ ሲመጣ ቀብራቸው አልቋል፤ አይሱዙ ብንከራይ የትም አያደርስም።

ጎረቤቱ ሁሉ ቤታችን መጥቶ ተቀመጠ። አንዷ ሴትዮ ከንፈሯን መጥጣ፣ «አይ ዱንያ! አንድ ወንድምሽን ሳትቀብሪው ቀረሽ» አለቻት። እኔ ልነሳባት ነበር። እናቴ እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገችና እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ።

«ተያት ልጄ» አለች። ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞራ፣ «እኔ ቀኑን ሙሉ እጁን ይዤው ውያለሁ። ምን ቀረብኝ? አልሐምዱሊላህ።»