ያመጣው ይቅመስ

ክፍሉ ከዚያ በፊት የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። በሩ ሲከፈት ከሰው በፊት ሽታ ተቀበለኝ፤ አፍንጫ ቆንጥጦ ዓይን የሚያስለቅስ የማዳበሪያ ሽታ። ቀጥሎ ድምፅ ሰማሁ። ከጨለማው ውስጥ አንዲት ሴት ቆጣ ብላ «ሽሮ ላይ ሽንኩርት የምትሰስት ሴት ባሏን አትወድም!» ስትል፣ ሌላዋ «ሽንኩርት የበዛበት ሽሮ ሽሮ አይደለም፣ የሽንኩርት ወጥ ነው» ብላ መለሰችላት። ፖሊሱ ከኋላ ገፋ አደረገኝና በሩን ዘጋው። እነዚህ ሰዎች አብደዋል ብዬ አሰብኩ።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ የታወጀበት ዓመት ነው፤ ክረምቱ ሊገባ ሲል። አምቦ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ስልክሽ ውስጥ ፎቶ ተገኘ ብለው ከቢሮዬ ወሰዱኝ። የፎቶው ነገር ረጅም ነው፤ ደግሞም ሰልችቶኛል። ዛሬ የማወራው ስለ ቡላ ነው።

መጋዘኑ ውስጥ ሴቶች ብቻ ነበርን። የምንተኛው ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት አንጥፈን ነው። ጠዋት ዳቦና ሻይ ይሰጡናል፤ ከዚያ ወዲያ ቤተሰብ የሚያመጣውን መጠበቅ ነው፤ ቤተሰብ የራቀባት ከሌላዋ ትካፈላለች። ከሰዓት በኋላ ረሃቡ ሲበረታ በአፋችን ወጥ እንሠራለን። የዚህ ሥራ አለቃ ከጌዶ የመጡ ትልቅ ሴት ነበሩ። ገበያ ዳር ምግብ ቤት ነበራቸው፤ ሰልፍ የወጡ ልጆች እርስዎ ቤት በልተዋል ተብለው ነው የታሰሩት። «እኔ ቤት በበላ ሰው ከታሰርኩማ የጌዶ ሕዝብ በሙሉ ይምጣና ይመስክር» ይሉ ነበር። እንደ አገሩ ልማድ አዴ እያልን ነበር የምንጠራቸው።

የገባሁ ዕለት ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ «ምን መሥራት ትችያለሽ?» አሉኝ።

«መዝገብ ቤት ነው የምሠራው።»

«እሱን አይደለም። ወጥ ነው የምልሽ።»

«እንቁላል እጠብሳለሁ።»

«ያ ዋቃዮ!» አሉ እጃቸውን ወደ ጣሪያው ዘርግተው። «በቃ፣ አንቺ ሽንኩርት ክተፊ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ በሌለ ቢላዋ የሌለ ሽንኩርት ስከትፍ ከረምኩ።

ሲሰሙት ጨዋታ ይመስላል እንጂ ጨዋታ አልነበረም። ጨው የበዛበት ወጥ ውስጥ የተላጠ ድንች ጣል እንደሚደረግ፣ ሊጥ ሲኮመጥጥ ከላይ ያቀረረው ውሃ ተደፍቶ በአዲስ እንደሚተካ፣ ቅቤ ሲነጠር እሳቱ ከበዛ ቅመሙ አርሮ እንደሚመር የተማርኩት እዚያ ነው። ሁለት ሴቶች በድልህ አሠራር ተኳርፈው ጀርባ ለጀርባ ያደሩበት ቀንም አለ። ሁላችንም ደክሞን ነበር። ስለ ምርመራው፣ ስለ ልጆቻችን፣ ስለ መውጫችን ማውራት ደግሞ ይብስ ያደክመን ነበር። ወጥ ቢያንስ መብሰሉ አይቀርም።

ከመካከላችን ምንም የማትሠራ አንዲት ልጅ ነበረች። ከደቡብ የመጣች፣ እስላም፣ የባለሱቅ ሚስት። ከተማው በሙሉ ሱቁን የዘጋ ቀን ባሏ ዕቃ ሊያመጣ አዲስ አበባ ሄዶ ነበር። እሷም እንደ ሰው ዘግታ ቤቷ ብትቀመጥ፣ አድማ መታሽ ብለው ከነጨቅላዋ አመጧት። ልጁ ገና አንገቱ አልጸናም። መጀመሪያ ሰሞን ጠብቶ ይተኛ ነበር፤ በኋላ ጡቷን ይይዛል፣ ይጎትታል፣ ይተወዋል፣ ያለቅሳል። ደረቅ ዳቦ ወተት አይሆንም። ከዚያ ማልቀሱም እየቀነሰ መጣ። እኛን ያስፈራን ይሄ ነው። እያለቀሰ ያስመረረን ልጅ ዝም ሲል፣ ምነው ባለቀሰ አልን።

«አጥሚት ያስፈልጋታል» አሉ አዴ።

«እኛ አገር ለአራስ ቡላ ነው» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። «በወተት ተሠርቶ ቅቤ ጠብ ይደረግበታል። ከጠጡት ወተት ይመጣል።»

ቡላ ከእንሰት የሚወጣው ነጩ ዱቄት ነው። ቡላ ሱቋ ውስጥ ሞልቷል፤ የሚያበስለው ሰው ነው የጠፋው። የባሏ ዘመዶች ሁሉ ደቡብ ስለሆኑ ሰውየው ራሱ ወጥ ቤት ገባ። የመጀመሪያው ቡላ የደረሰን ረመዳን ሊገባ ሲል ነው። ፔርሙሱን ብንዘቀዝቀው አልወርድ አለ። በማንኪያ ብንቆፍረው ጓል በጓል ሆኗል፤ ጓሉ መሐል ጥሬ ዱቄት፣ ጨዉ ደግሞ ምላስ የሚያቃጥል።

አዴ ቀመሱና፣ «ይሄ ሰው ሚስቱን ነው የሚያበላው ወይስ ለከብት አሞሌ ነው የሚያልሰው?» አሉ።

ልጅቷ ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ አለቀሰች። የዚያን ዕለት መጋዘኑ በሙሉ ሽሮውንም ድልሁንም ትቶ አንድ ወንድ ቡላ ለማስተማር ተነሣ።

መልእክተኛዋ እናቴ ነበረች። ልጅቷ ምርመራዋ አላለቀም ተብላ ጠያቂ ማነጋገር ተከልክላለች፤ ባሏ ምግቡን በር ላይ ሰጥቶ ይሄዳል። እኔ ግን ሽቦው ጋ ቆሜ እናቴን ለጥቂት ደቂቃ ማነጋገር ይፈቀድልኛል። ጠባቂው ኦሮምኛ ስለማይሰማ በአማርኛ ብቻ አውሩ ይለናል። የእናቴ አማርኛ ደግሞ የገበያ ነው፤ ዋጋ ትጠይቅበታለች፣ ትከራከርበታለች፣ ከዚያ አያልፍም።

«እማ፣ ለሰውየው ንገሪው» አልኳት። «ዱቄቱን ፍል ውሃ ላይ እንዳይበትን። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ በወንፊት ያጥልለው። ከዚያ እያማሰለ ቀስ በቀስ ይጨምረው። ጨዉን ደግሞ ይቀንስ።»

ጠባቂው ጠጋ ብሎ፣ «ምንድነው እሱ?» አለ።

«ቡላ ነው።»

ጥቂት አሰበና፣ «በወተት ነው የሚያምረው» ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ክፉ ሰው አልነበረም። ሕግ ግን አለው። ሕጉ ያመጣው ይቅመስ የሚል ነው፤ ምግብ ያመጣ ሰው ጠባቂው ፊት ቀምሶ፣ ውጦ፣ ከዚያ ነው የሚገባለት። ረመዳን ሲገባ የልጅቷ ባል ፔርሙሱን ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ጾመኛ ነኝ አለ። ሕግ ነው ተባለ። ሌላ ሰው ይቅመስልኝ አለ። ያመጣው ነው የሚቀምሰው ተባለ። ካፈጠርኩ በኋላ ልምጣ ቢል በሩ በጊዜ ነው የሚዘጋው። እናቴ በእኔ ስም ቡላውን እንዳታስገባው፣ ትኩስ ነገር ለምታጠባ ሴት እንጂ ለሌላው አይፈቀድም፤ ለአንድ እስረኛ ደግሞ የተመዘገበ አንድ አምጪ ነው። ሰውየው ፔርሙሱን እንደታቀፈ ተመለሰ። በማግስቱም እንዲሁ። ልጁ ከዚያ በኋላ ድምፁ ጨርሶ አይሰማም ነበር።

መላውን ያመጣችው ልጅቷ ናት። «እኛ በረመዳን ለማፍጠሪያ ስናበስል ጨዉን በምላሳችን ጫፍ ነካ አድርገን እንተፋዋለን። ካልተዋጠ ጾም አያፈርስም። እሱ ወጥ ቤት ገብቶ ስለማያውቅ ይሄን አያውቅም» አለች። አዴ አጨበጨቡ። ሁላችንም እልል ማለት ቀረን። ስንት ዓመት ምድጃ ዳር የኖርን ሴቶች ነገሩን በወጥ ቤት ዓይን ብቻ አየነው፤ እስር ቤት በር ላይ ቀምሶ የሚተፋ ሰው ምን እንደሚመስል አንዳችንም አላሰብንም። እኔም ለእናቴ ነገርኳት፣ እሷም ለሰውየው ነገረችው።

በማግስቱ ምግቤን ልቀበል ተጠርቼ ሽቦው ጋ ቆሜያለሁ። ካፊያ ነበር። የልጅቷ ባል ወረፋው ሲደርስ ፔርሙሱን ከፈተ፣ በክዳኑ ትንሽ ቀዳ፣ በምላሱ ጫፍ ነካ አደረገውና ዞር ብሎ ጭቃው ላይ እንትፍ አለ።

«ተፋው!» አለ ጠባቂው። «ተፋው እኮ!»

ሌሎቹም ሮጠው መጡ። ሰውየው «ጾም ስለሆነ ነው፣ ጾም...» ይላል፤ የሚሰማው የለም። ጫማውን አስወልቀው ግቢው መሐል ጭቃው ላይ አንበረከኩት። አዛዡ እስኪመጣ እዚያው ይቆይ ተባለ። ፔርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡትና ሁሉም ራቅ ብለው ቆሙ፤ የሚፈነዳ ነገር ነበር የመሰለው። እኔ ሽቦውን ይዤ ያንን ልጅ ነበር የማስበው። ዛሬም ካልጠባ አይነጋለትም ብዬ ነበር።

ያኔ እናቴ ከጠያቂዎቹ ሰልፍ ወጣች። ማንንም አልጠየቀችም። ወደ ጠረጴዛው ሄዳ ክዳኑን ሞልታ ቀዳች፣ ጠጣችው፣ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«ጠጣሁ» አለችው ጠባቂውን በገበያ አማርኛዋ። «አየህ? እዚህ ቁጭ እላለሁ። ከሞትኩ አትስጠው። ካልሞትኩ ስጠው።»

አጠገቡ ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ጠባቂው አያት። ሰዓቱን አየ። ደግሞ አያት። እሷ ሥጋ ሻጭ ዋጋ እስኪቀንስላት እንደምትጠብቅ ሁሉ እጇን አጣምራ ተቀምጣለች። ካፊያው ወደ ዝናብ ሲዞር ጠባቂው ፔርሙሱን አንሥቶ ወደ እኔ መጣና፣ «ውሰጂ» አለኝ። ሰውየውን ግን አልለቀቁትም፤ ተፍቷላ።

መጋዘኑ ውስጥ መጀመሪያ የቀመሱት አዴ ናቸው። «ጓል የለውም!» ብለው ጮኹ፤ ተማሪው ያለፈለት አስተማሪ እንኳ እንደዚያ አይደሰትም። ስለ ጨዉ ምንም አላሉም። ልጅቷ ጠጣች። ጥቂት ሲቀረው አቆመች።

«ጨርሺው እንጂ፣ እንተለ ኮ» አሏት፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

«ይሄ የእሱ ነው። ማፍጠሪያ የለውም» አለች።

አዴ የተረፈውን ክዳኑ ላይ ገልብጠው አስቀመጡት። አመሻሽ ላይ ልጁ ጡቷን ይዞ ጎተተ፣ ጎተተ፣ ከዚያ ጉሮሮው ሲውጥ ሰማን። ሁላችንም የአንድ ሕፃን መዋጥ አዳመጥን። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አለቀስኩ።

ከመዘጋታችን በፊት በሰልፍ ወደ መጸዳጃ ያወጡናል። ሰውየው አሁንም ግቢው ውስጥ ነበር፤ ልብሱ በስብሶ ገላው ላይ ተጣብቋል። ሰልፉ አጠገቡ ሲደርስ ከከተማው መስጊድ አዛን ተሰማ። አዴ በነጠላቸው ሥር የያዙትን ክዳን አውጥተው ከሰልፉ ወጡ።

«እናት፣ ወደ ሰልፍዎ!» አለ ጠባቂው።

እሳቸው ቆም ብለው ከክዳኑ ተጎነጩ። ጉሮሯቸውን እንዲያይ አንገታቸውን ቀና አድርገው ዋጡ።

«ያመጣው ይቅመስ አላልክም፣ ልጄ? ያመጣሁት እኔ ነኝ። ቀመስኩ።»

ከዚያ ጎንበስ ብለው ለሰውየው ሰጡት። ሰውየው በሁለት እጁ ተቀበለ፣ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፣ ጠጣ። ሁላችንም ቆመናል፤ ሽንታችን ይዞናል፣ ግን የሚንቀሳቀስ የለም። ከጨረሰ በኋላ ክዳኑን አየው። ራሱ ያበሰለውን እስከ መጨረሻው ሲጠጣ ያ የመጀመሪያው ነበር። ቀና ብሎ በሰልፉ ውስጥ ሚስቱን ፈለጋት።

«ጨው የለውም» አለ።

እንዳትናገር ተከልክላለች። ልጇን ከፍ አድርጋ አቀፈችና፣ «ነገ ትንሽ ጨምርበት» አለችው።

ጠባቂው እንዳልሰማ ሆኖ ሰልፉን ወደ መጸዳጃው አስኬደው።

ሰውየውን ሲመሽ ለቀቁት። በማግስቱ ጠባቂው «ያመጣው ይቅመስ» ሲል እናቴ የራሷን ማንኪያ ይዛ ከሰልፉ ወጣችና ለሰውየው ቀመሰችለት። ጠባቂውም ወደ ሌላ አቅጣጫ አየ። ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜ እንደዚያ ሆነ።

እኛም አንድ በአንድ ወጣን። ክስ ሳይመሠርቱብን እንዳቆዩን፣ ለምን እንደተፈታንም አልነገሩንም። አዴ ወደ ጌዶ፣ ወደ ምግብ ቤታቸው ተመለሱ። እኔ ወጣሁ እንጂ ድካሙ አብሮኝ ወጣ፤ እስከ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ላይ ይመጣብኛል። ለእንግዳ ሳቀርብ ከሳህኑ ቀድሜ ቀምሼ፣ ውጬ ነው የምሰጠው። ባለቤቴ «ማን መርዝ አለሽ?» እያለ ይስቅብኛል።

ባለፈው ረመዳን እነዚያ ባልና ሚስት እናቴንና እኔን ለማፍጠሪያ ጠሩን። ልጁ ትምህርት ቤት ገብቷል። ቡላውን ያበሰለው አባቱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቡላ የእሱ ሥራ ሆኖ ቀርቷል። አዛን ሊል ጥቂት ሲቀረው ማንኪያውን አንሥቶ በምላሱ ጫፍ ነካ አደረገና መታጠቢያው ላይ ተፋው። እናቴ ነጠላዋን ጭምድድ አድርጋ ያዘች። እሱም የሠራው ነገር ገብቶት ማንኪያውን እንደያዘ ቆመ።

«ጨዉስ?» አለችው ሚስቱ።

«ልክ ነው» አለ።

እናቴ ነጠላዋን ለቀቀችው። ከዚያ ሁላችንም አዛኑን ጠበቅን።