እስከ ጉልበት

የእናቴ ቤት ውኃ ገብቶበት አያውቅም። ይህን ቀድሜ የምናገረው፣ ያለዚህ የቀረው ነገር ስለማይገባ ነው። መንደራችን ከአቃቂ ወንዝ አንሥቶ እስከ ባቡሩ ሐዲድ ድረስ በሚወጣው ተዳፋት ላይ የተሠራ ነበር። የታችኞቹ ቤቶች ወንዙ አፍ ላይ ናቸው፤ የእኛ ከሁሉም በላይ፣ ሐዲዱ ካለፈበት የአፈር ቁልል ሥር ነው። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበርና ቦታ መምረጥ ያውቅበታል። ቋሚዎቹን ያቆመው ከአገልግሎት በወጣ የሐዲድ ብረት ነው። እሱ ሲሞት ለእናቴ የቀራት ያ ቤት ብቻ ነበር። ከጎኑ ሠርታ ታከራያቸው የነበሩትን ሁለት ክፍሎች መንግሥት «ትርፍ ቤት» ብሎ ወስዶባታል።

ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ሲደርቅ፣ የቀበሌ ሰዎች አንድ ወጣት መሐንዲስ ይዘው መጡ። ባለሦስት እግር የመሬት መቀየሻ መነጽር ተሸክሟል። የጎርፍ መከላከያ ዕቅድ እየወጣ ነው ተባለ። ውኃ የሚያሰጋቸው ቤቶች ተነሥተው ዳገቱ ላይ ቦታ ይሰጣቸዋል፤ ለቀሩት ደግሞ ወንዙ ዳር የድንጋይ ግንብ ይሠራላቸዋል። መሐንዲሱ በሚቀጥለው ሳምንት ቤት ለቤት እየዞረ ውኃው እስከ የት እንደደረሰ ይጠይቃል፤ በነዋሪው ቃል መሠረት ካርታ ይነሣል።

ዛሬ ሳስበው መጥፎ ነገር አልነበረም። ያኔ ግን ሜትር ይዞ የመጣ ሰው ሁሉ የሚወስደው ነገር ነበረው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ።

«ስንት ዘመን ጎርፍ ሲወስደን ዝም ብለው ኖረው፣ ዛሬ ምን አሳዘናቸው?» አለች እናቴ።

እኔ ሴት ልጇ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ እሠራ ነበር። እዚያ የሚወራው ደግሞ ብዙ ነው። ቦታው ለመጋዘን ተፈልጓል፤ የለም፣ ለጦር ካምፕ ነው፤ የለም፣ አንድ ባለሥልጣን ወንዝ ዳር አትክልት ሊያለማ ነው። ሁሉንም አመንኩ። እርስ በርሱ መጋጨቱ ምንም አላስጨነቀኝም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እድሩ ተሰበሰበ። የእድራችን ዳኛ ቤታቸው ከሁሉም በታች ነው። በየክረምቱ ውኃው ግድግዳቸው ላይ የጭቃ መስመር ይተዋል፤ መስቀል ሲደርስ እሳቸው በኖራ ይሸፍኑታል። ብልህ ሰው ናቸው፤ ነገሩን ቁጭ ብለው አስበውበት ነበር።

«ውኃ አይመጣም ካልን ግንቡ ይቀርብናል» አሉ። «ደረት ይደርሳል ካልን ያነሡናል። እስከ ጉልበት እንበል። ጉልበት የደረሰ ውኃ ማንንም ከቤቱ አያስወጣም።»

ሰው ሁሉ በብልሃቱ ተደሰተ። እናቴ ተነሣች።

«እኔ ቤትስ? ገብቶ አያውቅም እኮ።»

«እትዬ፣ አንዱ ገባ፣ አንዱ አልገባ ካለማ ይከፋፍሉናል። መዋጯችን እኩል ነው፤ ቃላችንም እኩል ይሁን።»

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚል ድምፅ ከኋላ ተሰማ። እናቴ ተቀመጠች። እድር ያለው አይሻርም። ከቃሉ የወጣ ሰው ቤቱ ሐዘን ሲገባ ድንኳን የሚተክልለት የለም።

መሐንዲሱ በቀጠሮው መጣና ከታች ጀመረ። ዳኛው ጎንበስ ብለው ጉልበታቸውን ነኩ። ቀጥሎ ያለው ቤት ጉልበቱን ነካ፣ ከዚያ በላይ ያለውም እንዲሁ። በየደጁ ከትልቅ እስከ ትንሽ ጉልበቱን እየነካ ያሳያል። እኔ ከኋላ ከኋላ እከተላለሁ፤ በሌላ ሰው ዓይን አላምንም። መንደሩ መካከል ላይ ስንደርስ መሐንዲሱ ቆመ። በመነጽሩ ወደ ታች ያያል፣ ይጽፋል፣ ተመልሶ ያያል። ያኔ ነገሩ ገባኝና ክው አልኩ። ውኃ እንደ መዋጮ ለሁሉም እኩል አይደርስም። ላይኛው ቤት ውኃው ጉልበት ከደረሰ፣ የታችኞቹ ጣሪያ ሰምጧል ማለት ነው። ከቤታችን አያስወጣንም ባልነው ጉልበት መንደሩን በሙሉ ውኃ ውስጥ ከተትነው።

እኛ ደጅ ሲደርስ ሰዉ ሁሉ ተከትሎት መጥቷል። መሐንዲሱ ወደ ሐዲዱ ቀና ብሎ አየ፤ ከዚያ ጭቃ ያልነካውን ግድግዳችንን አየ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እማማ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። እዚህ ደርሶ ያውቃል? አልደረሰም ካሉኝ ይህ ቤት አይነካም።»

አላመንኩትም። መንደር በሙሉ ቆሞ እያየ ለአንዲት ባልቴት ብቻ የሚቀርብ ደግነት ወጥመድ ነው አልኩ በልቤ። አልደረሰም ካለች ጎረቤቶቿ በሙሉ ዋሽተዋል ብላ መሰከረች ማለት ነው። ዳኛውን አየኋቸው፤ መሬት መሬት ያያሉ። እናቴ የብረቱን ቋሚ ያዘች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ነካች።

«እስከዚህ» አለች።

ሰዎቹ ሲበተኑ ጮህኩባት። ለምን? ለማን ብለሽ?

«ቤቱን ቢወስዱብኝ ሌላ ይሰጡኝ ይሆናል፤ ባይሰጡኝም አንቺ አለሽኝ» አለች። «ስሞት ግን ብቻሽን ተሸክመሽ አትቀብሪኝም።»

ተናደድኩ፤ ዛሬም ሳስታውሰው እናደዳለሁ።

መንደሩ በሙሉ እንዲነሣ ተወሰነ። ዳገቱ ላይ ቦታ ይሰጣችኋል ተብለን ነበር፣ እውነትም ተሰጠን። ቆርቆሯችንን ነቅለን፣ የአባቴን ብረቶች በጋሪ ጭነን ወጣን። በሰጡን ቦታ ላይ እንከን ማግኘት ስላቃተኝ ጥርጣሬዬ ወደ ዳኛው ዞረ። በየዓመቱ የጭቃ መስመር በኖራ የሚሸፍኑ ሰው፣ ውኃ ዳገት እንደማይወጣ እንዴት ይጠፋቸዋል? ብቻቸውን ከሚነሡ ሁላችንንም ይዘው መነሣት መርጠው እንደሆነስ? ጠይቄያቸው አላውቅም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ እናቴ ግን ጠርጥራም ተመነጠረች።

በቀጣዩ ነሐሴ ወንዙ ሞላ። ዝናቡ ጋብ ሲል የመንደሩ ሰው ወርዶ ሐዲዱ ላይ ቆመ። ውኃው ትተናቸው የሄድናቸውን የታችኞቹን ግድግዳዎች አፍርሶ ወስዷል፤ የዳኛው ጓሮ የነበሩት ባሕር ዛፎች ጫፋቸው ብቻ ይታያል። የእኛ ቤት ወለል ከቆምንበት የሐዲድ ቁልል ግርጌ ነበር። ከዝናቡ በቀር የነካው ነገር የለም፤ ወንዙ ከእሱ ብዙ ርቆ ቆሟል። ሰዉ ወንዙን ያያል እንጂ ወደዚያ ወለል የሚያይ አልነበረም።

ዳኛው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እግዚአብሔር አተረፈን» አሉ።

«እናንተን» አለች እናቴ፤ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ዳገቱ ቀድማን ወጣች።