የቆርኪው ቅርጫት

«አልሠራም አልኩህ! አንድ ነገር ስንት ጊዜ ይነገራል?»

«ሥራልኝ አላልኩም እኮ። እንዴት እንዳሰርከው ብቻ ንገረኝ ነው ያልኩህ።»

«ረስቼዋለሁ።»

«አልረሳኸውም።»

«እሺ፣ አልረሳሁትም። ታዲያስ?»

ይበልጣል ይህን ብሎ ሊፈለፍለው የጀመረውን የባቄላ እሸት ወደ ሳህኑ ወረወረው። ባለፈው ጥቅምት ነው፤ ቢቸና፣ እሱ ቤት። ከሞጣ ድረስ የመጣሁት ለእህቴ ልጅ ለትዕግሥት ብዬ ነበር። ትዕግሥት ሞጣ ውስጥ የስፖርት አስተማሪ ናት። ክብ ዝርግ ላስቲክ ከሩቅ እየወረወሩ፣ ሰንሰለት የተንጠለጠለበት ቅርጫት ውስጥ የሚጥሉበትን ጨዋታ በስልኳ አየችና ለተማሪዎቿ ልትሠራው ተነሳች። ብረት ሠሪው የሰንሰለቱን ዋጋ ሲነግራት ግን ደንግጣ ወደ እኔ መጣች። «በቆርኪ ይሠራል» ስላት ከት ብላ ሳቀችብኝ። በቆርኪ እንደሚሠራ በዓይኔ አይቻለሁ። የሠራው ግን እኔ ሳልሆን ይበልጣል ነው፤ ያኔ፣ በደርግ ጊዜ፣ ሁለታችንም ጢማችን ገና ሲያቆጠቁጥ።

ዩኒቨርሲቲ የማያስገባ ውጤት ይዘን ቢቸና ላይ ተቀምጠን ነበር። ተቀምጠን ማለቴ ለወግ ነው እንጂ እኔ አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችል ሰው ነበርኩ። ማንም ሳያስተምረኝ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ ግጥም እጽፋለሁ። የቅኔ ተማሪ በሞላበት አገር፣ ቅኔ ቤት ደጃፍ ያልረገጠ ገጣሚ ማን ይሰማዋል? የሚሰማኝ ይበልጣል ብቻ ነበር፤ እሱም እጁ አንድ ነገር እየጠገነ።

ያን ዓመት የምንፈራው አንድ ነገር ነበር፦ አፈሳ። ቀበሌው ለጦሩ የሚያዋጣው የወጣት ኮታ አልሞላለትም። በገበያ ቀን የከባድ መኪና ድምፅ ከደጀን መንገድ በኩል ሲሰማ፣ ጨው የሚሰፍረው ልጅ ጨውን፣ ዶሮ የሚሸጠው ልጅ ዶሮዋን ጥሎ ወደ ጤፍ ማሳው ይሮጣል። መኪናው ስኳር ጭኖ የመጣ ሆኖ ሲገኝ ሰው ይስቃል። ያን ሳቅ አልወደውም ነበር፤ ማንም ትንፋሹን ሳይሰበስብ የሚስቀው ሳቅ ነው።

በዚህ መሀል አንድ ወሬ መጣ። ለአውራጃው የስፖርት ውድድር የሚመረጡ ልጆች፣ ውድድሩ እስኪያልቅ አይነኩም ተባለ። የእግር ኳሱ ቡድን ግን በቀበሌው ሊቀመንበር ዘመዶች ሞልቶ አድሯል።

ይበልጣል ከአጎቱ ጋር እህል ጭኖ፣ ደብረ ወርቅን አልፎ ሞጣ ደርሶ የተመለሰው በዚያ ሰሞን ነው። ሞጣ ላይ ውሃ ሊያስቆፍር የመጣ ፈረንጅ ግቢው ውስጥ የተከለውን ባለ ሰንሰለት ቅርጫት አጥር ተደግፎ አይቶ ነበር። ገና ከመኪናው ሳይወርድ፣ ፊቱ አቧራ እንደለበሰ፣ «ቡድን አገኘሁ» አለኝ። «እዚህ አገር ማንም የማያውቀው ጨዋታ። ተጫዋቹ እኔና አንተ ብቻ!»

እንጨቱ ከባሕር ዛፍ ተገኘ። ከላይ የሚታሰረውን ቸርኬ ከብስክሌት ጠጋኙ ለመንን፤ የተጣመመ ስለነበር በደስታ ሰጠን። ከታች ዶሮ የሚጫንበትን ሰፊ ቅርጫት መሀሉን በስተን አስገባን። የሚወረወረው የቀለም ቆርቆሮ ክዳን ሆነ፤ ዳር ዳሩን እጅ እንዳይቆርጥ በጎማ ቁራጭ ጠቀለልነው። የቸገረው ሰንሰለቱ ነበር። በገመድ ሞከርን፤ ክዳኑ እንደ ወፍ ሾልኮ ያልፋል። ላስቲክ ቆርጠን አንጠለጠልን፤ መልሶ ወደ እኛ ይተፋዋል።

ቆርኪ ያሰበው ይበልጣል ነው። እህቱ እትዬ አበበች አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ቡና ቤት ነበረቻት። ከወንበር ስር ለቃቅመን፣ በሚስማር በስተን፣ በሲባጎ ስንሰካ በር ላይ ቆማ ታየናለች።

«ቢራውን የጠጣው ሌላ፣ የሰከራችሁ እናንተ!»

«እትዬ፣ ይህ ነገር ያድነናል» አልኳት።

ፈገግታዋ ጠፋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቆርኪውን ራሷ ትሰበስብልን ጀመር።

በመጀመሪያው ቀን የቆርኪው ዘለላም አልያዘም። ይበልጣል ተጨማሪ ሲባጎ እንዳመጣ ላከኝና ስመለስ፣ ክዳኑ ዘለላውን በጥፊ እንደመታ ሽክሽክ ብሎ ቅርጫቱ ውስጥ ቁጭ ይላል። ምን እንዳደረገ አልጠየቅኩም። እኔ ያየሁት ፊቱን ነው፤ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጆሮው ወደ መንገዱ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ከሩቅም ከቅርብም፣ ነፋስ እያለም ሳይኖርም አይስትም። እኔ ስወረውር አጠገባችን ያለው የገብስ ማሳ ውስጥ ነው የሚገባው። «ግድ የለም» ይለኛል፣ «ቡድን ተጠባባቂም ያስፈልገዋል።»

ጨዋታውን እንዲያጸድቅልን ሊቀመንበሩን የሚጠራው እሱ እንዲሆን ተስማማን። የተጣላነው በንግግሩ ነው። «ይህ ጨዋታ የወጣቱን ክንድ ለእናት አገር ጠላት ያዘጋጃል» ብሎ ሊጀምር አሰበ።

«ጦርነቱን ለምን ታነሳዋለህ?» አልኩት።

«ሳይነሳ የሚፈቀድ ነገር አለ? እድር እንኳ ሲሰበሰብ መፈክር አሰምቶ ነው። ግጥምህ ውስጥ አንተም ታነሳዋለህ።»

እውነቱን ነበር። በዚያን ጊዜ በግ ማድለብም ችግኝ መትከልም ያለዚያ መግቢያ አይቀርብም ነበር። ሁሉም ይለዋል፣ ማንም አይሰማውም። ይህን ሁላችንም የምናውቅ መስሎን ነበር።

ሊቀመንበሩ ቀድሞ ልብስ ሰፊ ነበር። ሰው ሲያይ ትከሻና ወገብ የሚለካ ይመስላል። ከሁለት የአብዮት ጠባቂዎች ጋር መጥቶ መግቢያውን ሰማ፤ ራሱን ነቀነቀ። ይበልጣል ወረወረ፤ ገባ። ደገመ፤ ገባ።

«ከዚያ ብሳና ስርስ?»

ከብሳናው ስር ወረወረ። ገባ።

ሊቀመንበሩ ክዳኑን ከቅርጫቱ አውጥቶ በመዳፉ መዘነው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጭብጥ የሚያህል ድንጋይ አነሳ።

«እስቲ ይህንን።»

ምን እንደሚፈልግ ያኔ ገባኝ። ይበልጣል ድንጋዩን ሲቀበል አጠገቡ ነበርኩ። «ሳት» አልኩት በሹክሹክታ። «ሳተው፣ ይበልጣል!» ሰምቶኛል። ዓይኑ ወደ እኔ ዞረ፣ ግንባሩ ላይ ላብ አየሁ። ሊስት እንደፈለገ እስከ ዛሬ እምላለሁ። ግን ለሳምንታት አለመሳትን ብቻ ያስተማረው እጁ እንቢ አለው። ድንጋዩ ቆርኪውን አንኮሻኩሾ ቅርጫቱን በስቶ ወረደ።

«የእግዜር ቦምብ ወርዋሪ!» አለ ሊቀመንበሩ፤ ወዲያው ደግሞ ወደ ጠባቂዎቹ ዞር ብሎ፣ «የአብዮቱ ማለቴ ነው» ሲል አረመ። ቀጥሎ እኔን አስወረወረኝ። ድንጋዬ የብሳናው ቅርንጫፍ ላይ አርፎ ወፍ አስነሳ። «አንተ ሂድ ግጥምህን ጻፍ» ብሎ ሳቀ።

ሳምንት ሳይሞላ ይበልጣልን ከእህቱ ቡና ቤት ወሰዱት። ሲጭኑት እትዬ አበበች የመኪናውን ጠርዝ ይዛ፣ «እሱ እኮ ስፖርተኛ ነው! ስፖርተኛ አይነካም ብላችኋል!» ትል ነበር።

መንግሥት ሲለወጥ ከሰሜን በእግሩ መጣ። የጦርነቱን አንዲት ቀን እንኳ አንስቶልኝ አያውቅም። እንጨት ሥራ ጀመረ፤ ዛሬ ቢቸና ውስጥ ጥሩ በር የሚፈልግ ሰው ወደ እሱ ይሄዳል።

እና ባለፈው ጥቅምት ፊት ለፊቱ ተቀምጬ፣ ሳህኑ መካከላችን ሆኖ፣ ይበልጣል የወረወረውን እሸት መልሶ አነሳና በድንገት ተናገረ።

«ዘለላውን ልቅ አትተዉት። ታች ላይ ወደ ምሰሶው ሰብስባችሁ እሰሩት፤ መቀነት እንደታጠቀ ቀሚስ። ልቅ ከሆነ ይተፋዋል።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ይበልጣል።»

«ልጆቹ ይወርውሩ። ልጅ መወርወር አለበት።»

ደስ አለኝ። ደስታ ደግሞ ምላስ ይፈታል። «ትዕግሥት ቅርጫቱ የሚመረቅ ዕለት ትጠራሃለች» አልኩት። «ትልቅ ነገር ነው ያሰበችው፤ የወረዳ ሰዎችም ይመጣሉ።»

«ምን ሊያዩ?»

«ልጆቹ ሲወረውሩ ነዋ።»

ቀና ብሎ አየኝ። እንቢ ያለኝ ጦርነቱን ስለሚያስታውሰው ይመስለኝ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። ይበልጣል ቅርጫቱንም ቆርኪውንም አልጠላም። የሚፈራው እንደ ሊቀመንበሩ ዳር ቆሞ የሚያየውን ሰው ነው። እኛ አገር ልጅ አንድ ነገር ሲችል እናቱ ሰው አይየው የምትለው ቡዳን ፈርታ ብቻ ነው ብዬ ኖሬያለሁ። ዘመኑ ተለውጧል ልለው ፈለግሁ። ቃሉ ጥርሴ ድረስ ደረሰ። ግን የማን ልጅ ዋስ ሆኜ ነው የምለው?

ይበልጣል ጋቢውን ከወንበሩ ላይ አነሳ፣ ትከሻው ላይ ጣል አደረገ፣ እኔን በገዛ ቤቱ ትቶ ወደ ውጭ ወጣ። በሩ ከኋላው ተዘጋ።