መርዶ በስልክ አይነገርም

ወንድሜ ደሴ፣ ስልክ ላይ ባለጌ ሆንክ ብለህ እንዳትቆጣኝ... አንተ ራስህ ነህ ያስተማርከኝ።

«የማታውቀው ቁጥር ከሆነ ሰላምታውን እንኳን አትጨርስ። ስምህን ከጠየቀህ ሌባ ነው። የእኔን ስም ከጠራ ደግሞ የባሰበት ሌባ ነው» ትለኝ ነበር። እዚህ በሰው አገር፣ ክሊፕታውን ሰፈር ባለው ሱቅህ ውስጥ፣ በአገሬው ቋንቋ ጎጎ፣ አያቴ፣ የምትላቸው አሮጊት ደንበኞችህ ስልካቸውን በፍርግርጉ ያቀብሉሃል። አንተ የደዋዩን ማንነት በሚያሳየው አፕ ታየውና «ጎጎ፣ ሎተሪ ደረሰሽ የሚልሽ ሰውዬ ሌባ ነው፣ ዝጊው!» ትላቸዋለህ። እየሳቁ ይመርቁሃል።

ኮሮና ይዞህ አምቡላንሱ ቤሪያ ሰፈር ካለው ፍላታችን ሲወስድህም ማስክህን ዝቅ አድርገህ ያልከኝ ይህንኑ ነው። «በእኔ ስም የሚደውል ይኖራል። ምንም እንዳትሰጥ።»

እውነትህን ነበር። አንዱ ደወለ። «ዶክተር ነኝ፣ የወንድምህ ኦክስጅን ሊያልቅ ነው፣ አሁኑኑ ገንዘብ ላክ» አለኝ። «የወንድሜ ስም ማን ነው?» ስለው ዘጋው። ኮራሁ። ሆስፒታሉ ጠያቂ አያስገባም፤ የድምፅ መልእክትህም ከመጣልኝ ቀናት አልፈው ነበር። ብትሰማ እንዴት እንደምትስቅ እያሰብኩ ዋልኩ።

ባለፈው ረቡዕ ከሰዓት ሌላ ቁጥር ደወለ። አፑ ላይ ቀይ ሆኖ መጣ፤ ብዙ ሰው አጭበርባሪ ነው ብሎ ጠቁሞታል ማለት ነው። ልሰድበው አነሳሁት።

ሴት ናት። ድምጿ የደከመ ነው። ስምህን ጠራች። የልደት ቀንህን ጠየቀችኝ። አንተ ተጠንቀቅ ያልከኝን ሁሉ በተራ አደረገችው። ከዚያ በእንግሊዝኛ «አዝናለሁ፣ ወንድምህ ዛሬ ጠዋት አርፏል» አለችኝ።

እንዲሁ... «ቁጭ በል» የለ፣ «ከማን ጋር ነህ» የለ።

ጎረቤታችን ጋሽ ማቴዎስ፣ ጀፕ ሰፈር የጅምላ ሱቅ ያለው፣ ያን ሰዓት ሊጠይቀኝ መጥቶ ነበር። ስልኩ ላውድ ላይ ስለነበር ሰማት። ከእጄ ነጠቀኝ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ጌታ ይገስጽሽ!» አላት በአማርኛ። እንዳይቀርባት ብሎ «ሼም ኦን ዩ!» ጨመረላትና ዘጋው። ቁጥሩንም ብሎክ አስደረገኝ።

«ጋሼ፣ እውነት ቢሆንስ?»

«አንተ ደግሞ! ሰው ቢሞት ለልጅ በስልክ ይነገራል? መርዶ እኮ ነው፣ ፒዛ መሰለህ? ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ፣ በር አንኳኩቶ ነው የሚነግርህ። ይሄን የማያውቅ ሌባ ብቻ ነው።»

አሳመነኝ። አገር ቤት፣ ሆሳዕና ከተማ እያለን የአባታችንን ሞት የሰማነው እንደዚያው ነው፣ ታስታውሳለህ። ትንሽ ቆይቶ «ፒዛ» ያለው ትዝ ብሎኝ ሳቅሁ። እሱም ሳቀ።

በነጋታው ጋሽ ማቴዎስ «እስቲ ለማንኛውም» ብሎ ሆስፒታሉ በር ድረስ ሄደ። አመሻሽ ላይ ፓስታ ይዞልኝ መጣ።

«ምን አሉህ?»

«ወረፋው አይጣል ነው። ብላ አንተ።»

እስክጨርስ ቁጭ ብሎ አየኝ። እሱ ግን አልቀመሰም። ማስኩን ማውለቅ ፈርቶ መሰለኝ።

አርብ ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ።

የቸርች ሰዎች ናቸው። ማስክ አድርገው፣ ኮሪደሩ ላይ ተራርቀው ቆመዋል። ጋሽ ማቴዎስ ከፊት ነው፤ ዓይኔን ማየት አልቻለም። መናገር አላስፈለጋቸውም... ሰዓቱ ነገረኝ።

እውነቱን የነገረችኝን ሴት ሌባ አልናት። የደበቀኝ ሰው ያመጣውን ፓስታ ግን ሳህኑን ጠርጌ በላሁ። በጋሼ አልፈርድም፤ አንድ ሌሊት በሰላም አስተኝቶኛል። ግን ያ ቁጥር የሆስፒታሉ ነበር። ሌባ ነው ብለው ቀይ ካደረጉት ሰዎች ስንቶቹ እንደኛ በር እስኪንኳኳ የጠበቁ ይሆኑ?

ከቀብርህ መልስ አብሮኝ የሚያድር ሰው አልነበረም። ሰው መሰብሰብ ተከልክሏል። ጋሽ ማቴዎስም ማሳል ጀምሮ በሩን ዘግቶ ተቀምጧል። ከበሩ ኋላ ሆኖ «አይዞህ ልጄ» ብሎኝ ወደ ቤት ገባሁ።

ጠዋት ብቻዬን ነቃሁ። አልጋህን ሳላይ አልፌ ሻይ ጣድኩ። የትምህርት ቤቱ ኦንላይን ክፍል ሊጀምር ነበር፤ አልገባሁም። ስልኬ ጮኸ... የማላውቀው ቁጥር።

ወዲያው አነሳሁት።

አንድ ወጣት ነው። የቀብር ኢንሹራንስ እሸጣለሁ አለኝ። ትንፋሽ ሳይወስድ ነው የሚያወራው። ከዚያ «ቤት ውስጥ ስንት ሰው ናችሁ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ሁለት» ልል አፌን ከፈትኩ... «አንድ» አልኩት።

ዝጋው እንደምትለኝ አውቃለሁ፣ ደሴ። ሌባ ይሁን ሻጭ አላጣራሁም... እስኪጨርስ ሰማሁት።