ችሎት የደፈረ ጃኬት

ቆይ፣ ይችን ስሙኝ። እኔ ብዙ የማወራ ሰው ነኝ፤ ይችን ግን ቀስ ብዬ ነው የምነግራችሁ።

ፖሊሶች የያዙኝ አብነት ሰፈር፣ የብረት በር ስበይድ ነው። ኢንተርኔት ላይ የለቀቅኳትን የትችት ቪዲዮ አሳዩኝና "ያንተ ድምፅ ነው?" አሉኝ። "ድምፁማ የኔ ነው፤ ፊቴ ነው ያላማረው" አልኩ። ለዚች ቀልድ አንድ ጥፊ ቀመስኩ። ከዛ ልደታ አካባቢ አንድ ጣቢያ፤ ሃያ ስድስት ሰው፣ አንድ መስኮት፣ የእርጥብ ካልሲ ሽታ። አዲስ ገቢ የሚተኛው ሽንት ቤቱ በር ስር ነው። መስኮቱ ስር የካቦው ነው፣ የክፍላችን አለቃ፣ እሱም እንደኛው እስረኛ።

በአራተኛው ቀን ከምሳ በኋላ አንድ አባት አስገቡ። ግራጫ ኮት፣ በእጃቸው ጥቁር ፌስታል። ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ልብስ ሰፊ ናቸው። እኛ ጋ አዲስ ገቢ ቆሞ ክሱን ይናገራል፣ ወግ ነው።

"ፋዘር፣ በምን ገቡ?" አለ ካቦው።

"ችሎት ደፍረሃል ብለውኝ።"

ክፍሉ ሳቀ። "ዳኛ መቱ እንዴ?"

"ጃኬት ነው ያነሳሁት።"

ከፌስታሉ አወጡት። ሰማያዊ ጂንስ፣ ክርኑ ላይ በእጃቸው የጣፉት። የልጃቸው ነው አሉን። ሰልፍ በተበተነበት ቀን ልጃቸውን ታክሲ ሲጠብቅ ተኩሶ የገደለው ፖሊስ ጥፋተኛ ተብሏል። ያን ቀን ጠዋት የቅጣቱ ክርክር ነበር። ጠበቃው ሰውየው ልጆች እንዳሉት፣ ምስጉን ሰራተኛ እንደነበረ ዘረዘረ። ዳኛው ገዳዩን ራሱን "የምትለው አለ?" አሉት። ዐቃቤ ሕጉ ሁለት መስመር አንብቦ ቁጭ አለ። ወደ አባትየው የዞረ የለም። ያኔ ተነሱና ለቅሶ ላይ የሟች ልብስ እንደሚነሳው ጃኬቱን ከፍ አደረጉት። "ይቀመጡ" ተባሉ። አልተቀመጡም።

"እኛ አገር ልብሱ ካልተነሳ ለቅሶ አይባልም" አሉን። "እነሱም የሚያውቁ መስሎኝ።"

ዳኛው እንዳሉት፣ ነገ ይቅርታ ከጠየቁ ይለቀቃሉ፣ ቅጣቱ ሲነበብም እዛው ቁጭ ብለው ይሰማሉ። እምቢ ካሉ ግን እሳቸው በሌሉበት ይነበባል።

"አንዲት ቃል ናት ፋዘር፣ ይበሉና ቤትዎ ይግቡ" አለ ካቦው።

"እንዳይሉ!" አልኩ እኔ ከሽንት ቤቱ በር።

ዞረው አዩኝ። "አንተ ልጅ፣ በኔ ልትጀግን ነው? እናቱ 'ስንት ፈረዱበት?' ስትለኝ ምን ልበላት?"

ተነስቼ አጠገባቸው ሄድኩ።

እሳቸውም "መጻፍ ትችላለህ?" አሉኝ።

"ስምንተኛ ላይ ነው ያቆምኩት፣ ግን እሞክራለሁ።"

የብስኩት ካርቶን ቀደድን። ካቦው የደበቃትን እስክሪብቶ አወጣ። እሳቸው እያሉ ጻፍኩ፦ "ልጄ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ጠዋት ሱቁን የሚከፍተው እሱ ነው። አሁን እኔ ስከፍተው መዝጊያው ይከብደኛል።"

"ሌላስ?"

"በቃ። ይችኑ ነው ያልጠየቁኝ።"

በማግስቱ ጃኬቱን ራሳቸው ለብሰውት ሄዱ። ትከሻው ጠቧቸዋል። ምሳ ሳይደርስ ተመለሱ።

"ምን አሏቸው?"

"'ተቀመጥ ስትሉኝ ስላልተቀመጥኩ ይቅርታ፤ ጃኬቱን ስላነሳሁ ግን ይቅርታ የለኝም' አልኳቸው። ካርቶኑን ላነብ ስል አስወጡኝ።"

"ቅጣቱስ?"

"በሩ ተዘጋ። አልሰማሁም።"

እኛ የምንቆመው ቆጠራ ሲመጣ ብቻ ነው። ካቦው ግን ተነሳ። ፍራሹን ከመስኮቱ ስር ጎትቶ አወጣና ቦታውን ለቀቀላቸው። "እዚህ ያንብቡት፣ ብርሃን አለ" አለ። ሁላችንም ተነሳን። ካርቶኑን ወደ ብርሃኑ አስጠግተው ሦስቷን መስመር አነበቡ። እስኪጨርሱ የተቀመጠ የለም።

አሁን ወጥቻለሁ፣ እሳቸውም ወጥተዋል። የሱቃቸውን መዝጊያ ማጠፊያ እኔ ነኝ በይጄ ያስተካከልኩላቸው፤ በአንድ ጣት ይከፈታል። እሳቸው አሁንም ይከብደኛል ይላሉ።

እናንተ የዳኝነት ወንበሩ ላይ ያላችሁ፣ ገዳዩን "የምትለው አለ?" ብላችሁታል። እኚህን አባትስ መቼ ነው የምትጠይቋቸው?