ከፍርግርጉ ኋላ የተማርኩት ዙሉ

ቋንቋ ለመማር ባሕር ማዶ የሚሄዱ ሰዎች አሉ ይባላል። የሚያሳድራቸው ቤተሰብ ይመረጥላቸዋል፤ ሲጨርሱም ወረቀት ይሰጣቸዋል። እኔ ዙሉን የተማርኩት ጆሃንስበርግ ዳር፣ ዲፕስሉት ውስጥ፣ በቆርቆሮ ሱቅ፣ ከብረት ፍርግርግ ኋላ ቆሜ ነው። ያሳደሩኝ ጎጎ ናቸው፤ የሱቋና የግቢው ባለቤት። ጎጎ ማለት አያት ማለት ነው፤ ሰፈሩ ያረጀችን ሴት ሁሉ እንዲያ ይጠራል። ወረቀት ግን አልሰጡኝም። በዚህ አገር ለእኛ ቢጤ ወረቀት የሚሰጥ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ከኮሮና በፊት በጣቴና በጥቂት የእንግሊዝኛ ቃል እነግድ ነበር። የሰፈሩ ሰው እኛን ባለሱቆችን ሁሉ "ማይ ፍሬንድ" ይለናል። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ፤ "ስምህን ማወቅ አልፈልግም፣ ዳቦውን ቶሎ አምጣ" ማለት ነው።

ሎክዳውኑ ሲመጣ መንገድ ተዘጋ። ዛንድስፕሩት በሚባል ሌላ ሰፈር ሱቅ ያለው የአጎቴ ልጅ እዚያው ቀረ፣ እኔም እዚህ ቀረሁ። የጎጎም ቤተ ክርስቲያን ተዘጋና ሥራ ፈቱ። ፕላስቲክ ወንበራቸውን ከመስኮቴ ፊት አስቀምጠው፣ ጭምብላቸውን አገጫቸው ላይ አውርደው፣ እኔን ሊያስተምሩ ተነሡ።

"ጎጎ፣ መጀመሪያ ቁጥር አስተምሩኝ፤ ለሥራ ነው" አልኳቸው።

"ሰላምታ የማያውቅ ሰው ቁጥር ምን ያደርግለታል? ሳውቦና በል!"

"ሳውቦና።"

"ለፍየል ነው ለሰው?"

ሰላምታዬ ካላማራቸው ስኳራቸውን ተቀብለው አይሄዱም፤ መስኮቱን ይዘው ይቆማሉ። ከኋላቸው ተራርቆ የተሰለፈው ሰው ይስቃል፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ይሳደባል። ስድቡንም በዚያው ተማርኩ፤ ለእሱ አስተማሪ አላስፈለገኝም። የጠላኝ አንድ ድምፅ ነበር፤ ምላስህን ጥርስህ ላይ ለጥፈህ በጎን የምትነፋው። ስነፋው ጎጎ ፊታቸውን እየጠረጉ "ቫይረሱን ላክብኝ እንጂ!" ይሉኛል።

የተማርኩትን ማታ ማታ ሆሳዕና ከተማ ላሉት ለአባቴ፣ ለአባባ፣ በስልክ አስተላልፋለሁ። አባባ የከብት ነጋዴ ነበሩ። የየገበያውን ቋንቋ ሁሉ ያውቃሉ፤ "ቋንቋ የማያውቅ ነጋዴ በሬውን ይሸጣል፣ ገመዱን ይገዛል" ይሉ ነበር። ልባቸውን ከታመሙ ቆይተዋል። አውሮፕላን ቆሟል፤ ቢበርም እኔ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። የቀረኝ ድምፃቸው ነበር። ስደውል ሰላም እንኳ ሳይሉኝ፣

"ዛሬ ምን አስተማሩህ?" ይላሉ።

"ዬቦ። እሺ፣ አዎ ማለት ነው።"

"ዬቦ! ይሄማ በሬ ይገዛል።"

አንድ ማታ ስልኩን እህቴ አነሣችው። "ተኝተዋል" አለች። በማግስቱም ተኝተዋል፤ ከዚያ ኔትወርክ የለም፤ ከዚያ ሐኪም ብዙ እንዳይናገሩ ከልክሏቸዋል። ለአጎቴ ልጅ ደወልኩ።

"ትናንት አናግሬያቸዋለሁ፤ ደህና ናቸው" አለኝ። "አንተ ሰውዬ፣ ሐሳብ አታብዛ፤ ሱቅህን ጠብቅ።"

"እንግዲያው ሰላም በልልኝ።"

"እላለሁ።"

የዚህ አገር ክረምት ዝናብ የለውም፤ ደረቅ ብርድ ነው። በዚያ ብርድ ሰፈራችን ሰው ይሞት ጀመር። ጎጎ ወንበራቸውን አስጠግተው አዲስ ትምህርት ጀመሩ። "ሰው የሞተበት ዳቦ ሊገዛ ሲመጣ ዝም ብለህ አትሰጠውም። አክዌህላንጋ ሉንጌህላንጋ በለው።" በሌላው ያልወረደ አልወረደብህም ማለት ነው። ያ የጠላኝ ድምፅ ሁለት ጊዜ አለበት። ዕቃ እየደረደርኩ ስለማመደው ሰነበትኩ። ሲወጣልኝ፣ ይቺንስ አባባ ይወዷታል፣ ሲሻላቸው እነግራቸዋለሁ ብዬ አስቀመጥኳት። ሰላምታዬን ክረምቱን ሙሉ የላክሁት ለመቃብር ኖሯል።

የነሐሴ ነፋስ አቧራውን ሲያነሣ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጎጎ ወንበራቸውን ሳይዙ መጡ። ጭምብላቸውን በደንብ አድርገዋል፤ ትከሻቸው ላይ ወፍራም ሻል ጣል አድርገዋል። ዳቦም ስኳርም አልጠየቁም።

"አክዌህላንጋ ሉንጌህላንጋ፣ ልጄ" አሉ።

እንደ ጎበዝ ተማሪ ቀጥ ብዬ፣ "ማን ሞተ ጎጎ?" አልኩ በዙሉ።

"አባትህ ናቸዋ" አሉ። ፊቴን አዩና ድምፃቸው ወረደ። "ወንድምህ፣ ያ የዛንድስፕሩቱ፣ ትናንት መጥቶ ለነገ ንጋት ግቢዬን ለመነኝ፤ ለለቅሶ ወንበር እንድሰጠው። ሞታቸው ቆይቷል አለኝ። አንተ... አላወቅህም?"

እኛ ዘንድ መርዶ እንዲሁ አይነገርም። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ጎህ ሲቀድ ይመጣል፣ ሰውየው ራሱን እንዳይጎዳ ግራና ቀኝ ይያዛል። መሰብሰብ ክልክል ስለነበር የእኛ ሰዎች ሕጉ እስኪላላ ጠብቀዋል። አባቴን ቀብረው፣ ተኝተዋል እያሉ፣ እኔን ዳቦ ያሸጡኛል። ጎጎ ግን ከባለ ሐዘኑ በፊት ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ሞት እንዳለ በምን ይወቁ? በእሳቸው አገር የሰማ ሰው ይመጣል፣ ይናገራል።

"ማይ ፍሬንድ! ኤርታይም!" አለ ከኋላቸው አንዱ፣ የስልክ ካርድ ፈልጎ።

ጎጎ ዞረው ጮኹበት። ሰውየው ኮፍያውን አወለቀ። ከዚያ ሰልፈኛው ሁሉ፣ ተራርቆ እንደቆመ፣ ተራው ሲደርስ ያቺን ቃል እያለኝ ዕቃውን ተቀብሎ ሄደ። ስሜን ግን ማንም አልጠየቀኝም።

እሑድ ጎህ ሳይቀድ የአጎቴ ልጅ ከቤተ ክርስቲያን ወንድሞች ጋር መጣ። ፊታቸውን ከመንገድ ጀምረው አዘጋጅተውታል። ሁለቱ ግራና ቀኝ ያዙኝ። አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "እንግዲህ ወንድማችን፣ ሰው ሆኖ የማይሞት..." ሲሉ፣

"ልቀቁኝ፤ ትናንት ተነግሮኛል" አልኩ።

የአጎቴ ልጅ ወደ ጎጎ ቤት አፈጠጠ። "ይቺ ሴትዮ! እንዲህ ያለ ነገር በባዕድ አፍ?"

"ለባዕድ የነገርከው አንተ ነህ። ለእኔ ነው ያልነገርከኝ።"

"ለብቻህ ሆነህ እንዳትሰማ ብለን ነው እንጂ፣ አጎቴ አይደሉም እንዴ? እኔስ አላለቀስኩም?"

"አልቅሰሃል። እኔ 'ሰላም በልልኝ' ስልህ ያን ጊዜ ምን ታደርግ ነበር?"

ሽማግሌው "በቃ፣ እንጸልይ" አሉ።

ጸሎቱ ሲያልቅ ጎጎ ወጡና በእንግዶቹ ፊት ያቺኑ ቃል በቀስታ ደገሙልኝ። የእኛ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ።

"ምን አሉ?" አለኝ የአጎቴ ልጅ፤ አሁን "አሉ" ማለት ጀምሯል። "ተርጉምልን እንጂ። ይኸን ሁሉ ጊዜ ተምረህ የለም?"

"እሷን አልተማርኳትም" አልኩት። "ገና አልደረስንባትም።"