የሚስተሬ ሞተርና የማዳሜ ካውያ

እኔ አፌን ዘግቼ መሥራት አልችልበትም። ከአሠሪዬ ቤት ወጥቼ፣ እዚሁ ቤሩት፣ ቡርጅ ሐሙድ ሰፈር ከሁለት ያገሬ ልጆች ጋር ክፍል ተከራይቼ በተመላላሽ ሳጸዳም አፌ አያርፍም ነበር። አንድ ጠዋት የሚስተሬን የአናጺ ሱቅ ላጸዳ ስገባ ጠረጴዛው ላይ የተዘረገፈ ሽቦ፣ ያሮጌ ፕሪንተር ሆድ ዕቃና አንድ ግዙፍ ኮምፒውተር አየሁ።

«ሚስተር፣ ይሄ ደግሞ ምን ጉድ ነው? ማን ሊጠርገው ነው?» አልኳቸው።

«መሮ ነው» አሉኝ። «ኮምፒውተር የሚይዘው መሮ።»

ሳቅሁ። ከዚያ እጃቸውን አየሁና ሳቄ ቆመ። ሚስተሬ ሽማግሌ አርመን ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ወንበርና የአልጋ ራስጌ ላይ ሮማንና የወይን ሐረግ ሲቀርጹ የኖሩ። በዚያ ዓመት እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረና መሮ አልይዝ አለ። ሚስታቸው፣ ማዳሜ፣ «ኸላስ፣ በቃ! ሱቁን ከነዕቃው እንሽጥና ጃል ኤል ዲብ እህቴ ዘንድ እንግባ» ብላ ገዢ አግኝታለች። ሰውየው ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሊመጣ ነው። ሚስተሬ የሚገጣጥሙት ይሄ ማሽን እስከዚያ በእጃቸው ፋንታ አንድ ሮማን አሳምሮ ከቀረጸ ግን ሽያጩ ይቀራል፤ የባልና ሚስቱ ስምምነት ይሄ ነበር። ሱቁ ከተሸጠ እኔም እንጀራዬ ቀረ ማለት ነው። ከዚያ በላይ ግን ሽማግሌው ሰው በረንዳ ላይ ሥራ ፈተው ተቀምጠው ታዩኝና አንጀቴን በሉት።

የቀረው ሥራ ሞተሩን ማገናኘት ነበር። እንጨቱን የሚፈለፍለውን ፑንታ የሚያሽከረክረው እሱ ነው፤ ኮምፒውተሩ ተነስ ሲለው እንዲነሳ ሽቦው ከመቆጣጠሪያው ሰሌዳ ጋር መታሰር አለበት። የሰሌዳው ብሎን ደግሞ የምስር ፍሬ ብታክል ነው። ሚስተሬ ካቻቢቴውን ሲያስጠጉ እጃቸው ይሄዳል ይመጣል፣ ብሎኗን ይስታል፣ እንደገና ይሞክራሉ።

«ኧረ ወዲህ ስጡኝ፣ ወላሂ በጭንቀት ልሞት ነው!» ብዬ ቀማኋቸው።

ከዚያ በኋላ እሳቸው ከወረቀቱ እያነበቡ ይነግሩኛል፣ እኔ ሽቦ እልጣለሁ፣ አስራለሁ።

«ቀዩን እዚህ። ቀስ!»

«ቀስ ብያለሁ እኮ! እርስዎ ብቻ አይጩሁብኝ!»

ሰው ቢሰማን አባትና ልጅ የተጣሉ ይመስለው ነበር። እኔ ግን እንደዚያ ሳምንት ሥራ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የቤሩት ሰው ልማድ አለው። ከባድ ከባዱን፣ ልብስ ማጠቢያውንና ውሃ ማሞቂያውን፣ በመንግሥት መብራት ያስነሳል። አምፖሉንና ቴሌቪዥኑን ደግሞ በኢሽቲራክ፣ ያኒ መብራት ሲጠፋ ከሰፈሩ ጄኔሬተር በምትመጣው ቀጭን መስመር። ሚስተሬም ሳያስቡት ሞተሩን በመንግሥት፣ ኮምፒውተሩንና ሰሌዳውን በኢሽቲራክ ሰኩ። እኔም «ጎበዝ!» አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሞተሩ ዚዝዝ ብሎ ተነሳ። ሮማኗ ግማሽ ስትደርስ የመንግሥት መብራት ሄደ። ሞተሩ ቀጥ አለ፤ ኮምፒውተሩ ግን መቆሙን የት አውቆ! እንጨቱ ውስጥ የተቀረቀረውን ፑንታ ጎተተው። ቀጭ! ተሰበረ።

ሚስተሬ ጥፋቱ ወዲያው ገባቸው። «ሁለቱ አብረው መነሳት፣ አብረው መጥፋት ነበረባቸው» አሉ። የቀረን አንድ ፑንታ ነው። ሁሉንም በኢሽቲራኩ ሰካንና አዲስ እንጨት አስረን አስነሳን። ጧ! ጨለመ። ለካ ማዳሜ ፎቅ ላይ ልብስ እየተኮሰች ኖሯል፤ ካውያና ሞተር አንድ ላይ ሲሆኑበት መስመሩ አልቻለም።

ማዳሜ ካውያዋን እንደያዘች እየተንደረደረች ወረደች። «መብራቴን ማነው ያጠፋው?»

«ማዳም፣ ዛሬ ሸሚዝ ባይተኮስ ሰው አይሞትም!» አልኳት። አፌ ቀደመኝ፣ ምን ላድርግ።

አፈጠጠችብኝ። ከዚያ ግማሽ ላይ የቀረችውን ሮማን አነሳችና በአውራ ጣቷ ዳሰሰቻት። ባሏን አየች፤ መንቀጥቀጣቸው እንዳይታይባቸው እጃቸውን ጉልበታቸው መሃል ሸጉጠዋል። ሮማኗን አስቀምጣ ተመልሳ ወጣች። እኔም በቃ አለቀልን አልኩ በሆዴ።

ትንሽ ቆይቶ ከበረንዳው ድምጿ መጣ። «ያላ! ካውያውን ነቅያለሁ! ፍሪጁንም! ሥጋው ቢበላሽ ሁለታችሁ ትበሉታላችሁ!»

የወደቀውን የመብራት ማብሪያ መልሰን ብናነሳው ሞተሩ ተነሳ። መብራቱ አልጠፋም። ፑንታው እንጨቱን እየላገ ዞረ፣ ፍሬ በፍሬ እየፈለፈለ ሄደ። ሲያበቃ ሚስተሬ ብናኙን እፍ አሉት። ሮማን! ራሷ የእሳቸው ሮማን፣ አንገቷ ወደ ግራ ዘንበል ያለው ሳይቀር። እልልታዬን አቀለጥኩት። ማዳሜም ከበረንዳው በአገሯ እልልታ መለሰችልኝ፤ ጎረቤት ሰርግ መስሎት በየመስኮቱ ወጣ። ሚስተሬ አንዴ ይስቃሉ፣ አንዴ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ።

ገዢው በቀጠሮው ደረሰ። ሚስተሬ ገና ሲነሱ ማዳሜ ቀድማቸው በሩ ላይ ቆመች።

«ዕቃ ልትገዛ ከሆነ የለም» አለችው። «ወንበር ልታሠራ ከሆነ ግን ግባ፣ ባሌ ሥራ ላይ ነው።»